ሃርድ ዲስኩ የማይታየው የት ላይ ነው?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላምታዬን እያስቀደምኩ፣ በኮምፒውተር መሸጫና መጠገኛ ሱቆች ሳያቋርጥ ስለሚደጋገም አንድ ክርክር ጥቂት ቦታ እንድትሰጡኝ እጠይቃለሁ። ገዢው በወሰደ ማግስት አዲሱን ሃርድ ዲስክ ይዞ ይመለሳል፤ «ኮምፒውተሬ አላነበበውም፣ ይቀየርልኝ» ይላል። ሻጩ በበኩሉ «ከእኔ ሲወጣ እንደታሸገ ነው፤ አንድ ነገር አድርገኸው ነው» ብሎ ይሟገታል። ሁለቱም የሚስማሙበት ነገር ቢኖር ዕቃው መበላሸቱ ነው። ስህተቱም ያለው እዚሁ ላይ ነው፤ እንዲህ እየተባሉ ከሚመለሱት ዲስኮች ብዙዎቹ ምንም አልሆኑም።

ከጭቅጭቁ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው፣ ዲስኩ የማይታየው የት ላይ ነው የሚለው ነው። ኮምፒውተር ዲስክን የሚያየው በአንድ ቦታ ብቻ አይደለም። ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ባዮስ የሚባለው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም ያየዋል። ዊንዶውስ ከተነሳ በኋላ ዲስክ ማኔጅመንት በሚባለው መስኮት ውስጥ ይመዘገባል። መጨረሻ ላይ ፊደል ተሰጥቶት «ዚስ ፒሲ» ውስጥ ከሲ ጎን ይቀመጣል። ተራው ተጠቃሚ የሚያውቀው ይህን የመጨረሻውን ብቻ ስለሆነ እዚያ ያጣውን ሁሉ የለም ይላል፤ አይፈረድበትም። ባለሙያ ነኝ የሚል ሰው ግን እንዲህ ሊል አይገባም፤ በሦስቱ ቦታዎች የሚገጥመው ችግር የተለያየ ነው፣ መፍትሔውም አይገናኝም። ባዮስ ላይ ለማይታይ ዲስክ ፎርማት ማድረጊያ ፕሮግራም ማውረድ ጊዜ ማባከን ነው። ባዮስ ላይ እየታየ ዊንዶውስ ውስጥ ፊደል ላላገኘ ዲስክ ኬብል መለዋወጥም እንዲሁ።

በጣም ከተለመደው ልጀምር። ኮምፒውተር ውስጥ የሚገጠም አዲስ ዲስክ፣ የሚሽከረከረው ዓይነትም ይሁን የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ኤስኤስዲ፣ ከፋብሪካ የሚወጣው ባዶውን ነው። ባዶ ሲባል ፋይል የለበትም ማለት ብቻ አይደለም፤ የክፍፍል ሰንጠረዥም የለውም። ካርታ እንዳልወጣለት ቦታ ነው፤ መሬቱ አለ፣ ነገር ግን የትኛው ከየት እስከ የት እንደሆነ በመዝገብ አልሰፈረም። ኤክስተርናል ዲስኮች ፎርማት ተደርገው ስለሚመጡ ሰው ሁሉም እንደዚያ ይመስለዋል። ለውስጥ የሚገዛው ግን የመጀመሪያውን ሥራ ከባለቤቱ ይጠብቃል።

ሥራው አጭር ነው። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ እንደተጫኑ ኤክስን ይንኩና ከሚመጣው ዝርዝር ዲስክ ማኔጅመንትን ይምረጡ። ዲስኩ በደንብ ተገጥሞ ከሆነ ብዙውን ጊዜ «ኢኒሻላይዝ ዲስክ» የሚል መስኮት በራሱ ጊዜ ይመጣና ኤምቢአር ወይስ ጂፒቲ ብሎ ይጠይቃል፤ ሁለቱም የክፍፍል ሰንጠረዥ ዓይነቶች ናቸው። ጂፒቲን ይምረጡ። ኤምቢአር የሴክተሮችን፣ ማለትም ዲስኩ የሚከፈልባቸውን ትንንሽ ቁራጮች፣ ቁጥር የሚጽፈው በ32 ቢት ስለሆነ፣ አንዱ ሴክተር 512 ባይት ሲሆን ከ2 ቴራባይት በላይ መቁጠር አይችልም፤ ባለ 4 ቴራባይቱን በኤምቢአር ያዘጋጀ ሰው ግማሹን ሳይጠቀምበት ይቀራል። ኤምቢአር ዛሬ የሚያስፈልገው የድሮውን ባዮስ የተካው ዩኢኤፍአይ በሌለው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ዊንዶውስ ከዚያው ዲስክ እንዲነሳ ሲፈለግ ነው። ከዚያ በኋላ በመስኮቱ የታችኛው ክፍል ጥቁር መስመር ከላዩ ያለው «አንአሎኬትድ» የሚል ሳጥን ይታያል። በላዩ ላይ ቀኝ ክሊክ ያድርጉና «ኒው ሲምፕል ቮልዩም» ብለው ይቀጥሉ፤ መጠኑን እንዳለ ይተዉት፣ ፊደል ይስጡት፣ ከፋይል አቀማመጥ ሥርዓቶቹ የዊንዶውስ የሆነውን ኤንቲኤፍኤስ ይምረጡ፣ «ኩዊክ ፎርማት» የሚለው ምልክት እንዳለ ይሁን። ሁሉም ተደምሮ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ኩዊክ ፎርማትን ያጠፋ ሰው ግን ባለ 4 ቴራባይቱ ሃርድ ዲስክ ላይ ሰባት ስምንት ሰዓት ይጠብቃል፤ ዊንዶውስ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዜሮ እየጻፈ ነው የሚሄደው። ዲስኩን ለመፈተን ሆነ ተብሎ ካልሆነ በቀር ምልክቱን ማጥፋት አያስፈልግም፤ ከጠፋም መሃል ላይ «ቆመ» ብሎ መንቀል አይገባም።

እዚሁ መስኮት ውስጥ ሌሎች ሁለት ምልክቶች አሉ። በግራ በኩል ከዲስኩ ቁጥር ሥር «ኦፍላይን» የሚል ከተጻፈ፣ እዚያው ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጎ «ኦንላይን» ማለት ይበቃል። ሰማያዊ መስመር ያለው፣ ፎርማትም የተደረገ ሆኖ ፊደል ብቻ የጎደለው ከሆነ «ቼንጅ ድራይቭ ሌተር ኤንድ ፓዝስ» በሚለው ፊደል ይሰጠዋል። ይህ በመሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮች ላይ ይበዛል፤ የኔትወርክ ፎልደሮች ኢ እና ኤፍን አስቀድመው ስለሚይዙ አዲሱ ዲስክ ከእነሱ ጋር ይጋጫል። ወደ መጨረሻዎቹ ፊደላት ጠጋ ያለ መስጠት ከግጭቱ ያወጣል።

ባለ 1 ቴራባይቱ 931 ጊጋባይት ሲል፣ ባለ 500ው 465 ሲል የተሰረቀ ነገር የለም። አምራቹ የሚቆጥረው በሺህ ነው፤ ዊንዶውስ በ1024። ባለ 3 ቴራባይቱ 746 ጊጋባይት ብቻ ካለ ግን ይህ ሌላ ጉዳይ ነው፤ አሮጌ የዲስክ ድራይቨር ወይም አሮጌ የዩኤስቢ ዶክ (ዲስክ የሚሰካበት ማገናኛ ዕቃ) ከ2 ቴራባይት በላይ መቁጠር አቅቶት ትርፉን ብቻ እያሳየ ነው። ድራይቨሩ ይታደስ ወይም ዶኩ ይቀየር፤ እስከዚያው ምንም አይጻፍበት።

አንድ ነገር በጥብቅ ላሳስብ። ከላይ ያልኩት ሁሉ ለአዲስ ዲስክ ነው። ትናንት ፋይል የነበረበት ዲስክ ዛሬ «ኢኒሻላይዝ አድርግ» ወይም «ፎርማት አድርግ» የሚል ጥያቄ ካመጣ፣ መልሱ እምቢ ነው። ከማክ ኮምፒውተር የመጣ ዲስክ በኤፒኤፍኤስ ወይም በኤችኤፍኤስ ፕላስ የተዘጋጀ ስለሆነ ዊንዶውስ አያነበውም፤ ዲስኩ ሙሉ ሆኖ ሳለ ፎርማት ይደረግ ይላል። ከውጭ አገር ዘመድ የላከው የሠርግ ቪዲዮ ያለበት ኤክስተርናል በዚህች አንዲት «የስ» ሊጠፋ ይችላል። በሁለቱም ላይ እንዲሠራ የሚፈለግ ዲስክ መጀመሪያውኑ በኤክስፋት ይዘጋጅ። ፋት32 ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል ስለማይቀበል ለቪዲዮ አይሆንም።

አሁን ወደ ባዮስ። ኮምፒውተሩ ሲበራ ወዲያው ደጋግመው ቁልፉን ይጫኑ፤ ለብዙ ዴስክቶፕ ማዘርቦርዶች ዲሊት ወይም ኤፍ2፣ ለዴል ኤፍ2፣ ለኤችፒ ኤፍ10፣ ለሌኖቮ እንደ ሞዴሉ ኤፍ1 ወይም ኤፍ2 ነው። በዲስኮቹ ዝርዝር ውስጥ የአዲሱ ሞዴል ቁጥር ካለ ነገሩ የዊንዶውስ ነው፤ ወደ ላይኛው ይመለሱ። ከሌለ ችግሩ የኤሌክትሪክ፣ የኬብል ወይም የሶኬት ነው።

ሳታ በሚባለው በተለመደው ማገናኛ የሚገጠም ዲስክ ሁለት ገመድ ይፈልጋል። ጠባቡ ባለ 7 እግር የመረጃ፣ ሰፊው ባለ 15 እግር የኤሌክትሪክ ነው። የመረጃውን ብቻ ሰክተው የሚዘጉ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። የሚሽከረከር ዲስክ ከሆነ ኮምፒውተሩ ሲበራ ጣት በስሱ ጎኑ ላይ ሲደረግ መንቀጥቀጡ ይሰማል፤ ካልተሰማ ኤሌክትሪኩን ይፈትሹ። ከተሰማና አሁንም ባዮስ ላይ ከሌለ ተጠርጣሪው የመረጃው ኬብል ነው። እዚህ ላይ ከማንኛውም መሣሪያ የሚበልጥ ፈተና አለ፦ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ፣ ከሶኬት ነቅሎ፣ የሚሠራውን የድሮ ዲስክ ሁለት ገመዶች አውልቆ ለአዲሱ መስጠት። በእነሱ ከታየ ዲስኩ ነጻ ነው። የመረጃ ኬብል ርካሽ ነው፤ ብረት መቆለፊያ የሌለው፣ ብዙ የታጠፈ አሮጌ ኬብል ቢጣል አያስቆጭም። ዲስኩ አንዴ እየታየ አንዴ እየጠፋ ከሆነ፣ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ላይ ሲ7 የሚለውን መስመር ይመልከቱ፤ ቁጥሩ ከቀን ወደ ቀን የሚያድግ ከሆነ መረጃው የሚበላሸው በመንገድ ላይ፣ ማለትም በኬብሉ ላይ ነው።

የኤሌክትሪኩን ገመድ በተመለከተ ጠጋኞች ጭምር የሚሳሳቱበት አደገኛ ነገር አለ። ገመዶቹ ከራሱ ላይ የሚነቀሉ ፓወር ሰፕላይ ከሆነ፣ የአንዱን ፓወር ሰፕላይ ገመድ ለሌላው መጠቀም አይቻልም። በዲስኩ በኩል ያለው ጫፍ አንድ ዓይነት ቢሆንም፣ በፓወር ሰፕላዩ በኩል የ12 ቮልቱና የ5 ቮልቱ አቀማመጥ ከአምራች አምራች፣ አንዳንዴም በአንድ አምራች ሞዴሎች መካከል ይለያያል። ሶኬቱ ገጥሞ ገብቷል ማለት ልክ ነው ማለት አይደለም፤ 5 ቮልት በሚጠብቀው እግር 12 ቮልት የገባበት አዲስ ዲስክ በሰከንድ ውስጥ ያልቃል። የጠፋ ገመድ ካለ ለዚያው ሞዴል የተሠራው ይፈለግ።

ከአገልግሎት ሰጪ ሰርቨሮች ወይም ከተፈታ ኤክስተርናል ውስጥ የወጡ ትልልቅ ዲስኮች ደግሞ የራሳቸው ጠባይ አላቸው። በ2016 በወጣው የሳታ 3.3 ደንብ መሠረት የኤሌክትሪክ ሶኬቱ ሦስተኛ እግር ዲስኩን ከሩቅ ማጥፊያ ሆኗል። የድሮ ፓወር ሰፕላዮች በዚያ እግር 3.3 ቮልት ይልካሉ፤ ዲስኩም «ጥፋ» የተባለ መስሎት ጨርሶ አይነሳም። ፍጹም ጤነኛ ሆኖ የሞተ ይመስላል። ሞሌክስ ከሚባለው ባለ 4 እግር የድሮ የኤሌክትሪክ ሶኬት ወደ ሳታ በሚቀይር ገመድ 3.3 ቮልቱ ስለማይመጣ ይነሳል፤ አለዚያም ሦስተኛዋን እግር ሙቀት በሚችል ቀጭን መከላከያ ቴፕ መሸፈን ይቻላል። ገመዱ ሲመረጥ ግን ጫፉ በአንድ ላይ የቀለጠ ፕላስቲክ የሆነው ርካሹ ዓይነት አይሁን፤ ውስጡ ተነካክቶ እሳት በማስነሳት የታወቀ ነው።

በገበያው ርካሽ ሆነው ከሚገኙት የሰርቨር ዲስኮች መካከል ኤስኤኤስ የሚባሉትም አሉ። ከሩቅ ሲታዩ ሳታ ይመስላሉ። ልዩነቱ ሶኬቱ ላይ ነው፤ በሳታ ዲስክ በመረጃውና በኤሌክትሪኩ መካከል ክፍተት አለ፣ በኤስኤኤስ ግን ድልድይ ሆኖ ተያይዟል። የሳታ ዲስክ በኤስኤኤስ ካርድ ላይ ይሠራል፤ ኤስኤኤስ ዲስክ ግን በተራ ማዘርቦርድ የሳታ መስመር ላይ አይሠራም፣ ማገናኛ ቢገዛለትም አይሠራም። እዚህ ላይ የገዢውም የሻጩም መፍትሔ መመለስ ብቻ ነው።

የላፕቶፕ ባለቤቶችን አሁን ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው ኤም.2 የሚባለው ቀጭኑ ኤስኤስዲ ነው። ኤም.2 የቅርጹ ስም ነው፤ በውስጡ የሚነገረው ቋንቋ ሳታ ወይም ኤንቪኤምኢ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ አይተካኩም። በእግሮቹ መካከል ያለውን ጥርስ ይመልከቱ። የሳታዎቹ ብዙውን ጊዜ ሁለት ጥርስ አላቸው፤ የኤንቪኤምኢዎቹ በብዛት በአንድ ወገን አንድ ብቻ። ክፉው ነገር ሁለት ጥርስ ያለው የሳታ ዲስክ ለኤንቪኤምኢ ብቻ በተሠራ ሶኬት ውስጥ ያለ ምንም ችግር ይገባል፣ ብሎኑም ይታሰራል፣ ግን ፈጽሞ አይታይም። ሲመስለኝ ሰዎች «አዲስ ኤስኤስዲ ሞቶ መጣ» ከሚሉባቸው ምክንያቶች ከፊተኞቹ አንዱ ይህ ነው። ስለዚህ ከመግዛት በፊት የላፕቶፑ ሙሉ ሞዴል ቁጥር፣ ከሥሩ ከተለጠፈው ወረቀት ላይ፣ ይያዝ፤ በአምራቹ ገጽ ላይ ያለው የጥገና መመሪያ ሶኬቱ የትኛውን እንደሚቀበል ይናገራል። ርዝመቱንም ይመልከቱ፤ 2280 ማለት ስፋቱ 22 ርዝመቱ 80 ሚሊሜትር ነው፣ 2242 ደግሞ ርዝመቱ 42። ለአጭሩ በተሠራ ቦታ ረጅሙ አይገባም።

ሲገጠምም በ30 ዲግሪ ያህል አዘንብሎ፣ የወርቅ ቀለም ያላቸው እግሮች እስኪጠፉ ገፍቶ፣ ከዚያ ተጭኖ ብሎኑን ማሰር ነው። በግማሽ ገብቶ በብሎን የተያዘ ዲስክ አይታይም፤ በዚህ ምክንያት ብቻ የተመለሱ አሉ። በዴስክቶፕ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ይገጥማል፦ አዲሱ ኤም.2 ይታይና ለዓመታት የሠራው የድሮ ሃርድ ዲስክ ይጠፋል። ብዙ ማዘርቦርዶች አንዱን የኤም.2 ሶኬት ከአንድ ወይም ከሁለት የሳታ ሶኬት ጋር በጋራ መስመር ስለሚያገናኙ፣ አንዱ ሲያዝ ሌላው ይዘጋል። የሳታውን ገመድ ወደ ሌላ ቁጥር ሶኬት ማዛወር በቂ ነው፤ የትኞቹ እንደሚጋሩ በማዘርቦርዱ መመሪያ ላይ ተጽፏል።

ባዮስ ላይ እየታየ ዊንዶውስ በሚጫንበት ሰዓት «ዲስክ አልተገኘም» የሚለው ሌላ ነው። ከ11ኛው ትውልድ ጀምሮ ያለ የኢንቴል ፕሮሰሰር ባላቸው ብዙ ላፕቶፖች ላይ ቪኤምዲ የሚባል መቆጣጠሪያ በዲስኩና በዊንዶውስ መካከል ይቆማል፤ መጫኛው ፍላሽ ድራይቨሩ ከሌለው ምንም አያይም። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የኢንቴል ራፒድ ስቶሬጅ ድራይቨርን ከላፕቶፑ አምራች ገጽ አውርዶ፣ ዚፕ ከሆነ ፈትቶ፣ በመጫኛው ፍላሽ ላይ ማድረግና «ሎድ ድራይቨር» በሚለው ማሳየት ነው። ሁለተኛው ባዮስ ውስጥ ቪኤምዲን ማጥፋት። ሁለተኛው ቀላል ነው፤ ሆኖም ዊንዶውስ አስቀድሞ በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ እንዲህ ያለውን ቅንብር በድንገት መቀየር ዊንዶውሱ ሰማያዊ ስክሪን አሳይቶ እንዳይነሳ ያደርገዋል፤ ቢሆንም ወደ ነበረበት ሲመለስ ይነሳል፣ መደንገጥ አያስፈልግም። ለአዲስ ጭነት ግን እኔ የምመርጠው ማጥፋቱን ነው። ዊንዶውስ 7ን ዛሬም የሙጥኝ ላሉ፦ መጫኛው የኤንቪኤምኢ ድራይቨር ከመጀመሪያው የለውም፣ ስለዚህ ዲስኩን ሳይሆን መጫኛውን ይጠርጥሩ።

ኤክስተርናል ዲስክ ላይ ተጠርጣሪው ከሁሉ አስቀድሞ ኤሌክትሪክ ነው። ዩኤስቢ 2 በደንቡ የሚሰጠው 500 ሚሊአምፒር፣ ዩኤስቢ 3 የሚሰጠው 900 ነው። በኪስ የሚያዘው የሚሽከረከር ዲስክ ሞተሩ ሲነሳ ወደ 1 አምፒር ሊፈልግ ይችላል። በዴስክቶፕ የፊት ለፊት ሶኬት፣ በረጅም ገመድ ወይም የራሱ አዳፕተር በሌለው ሃብ ላይ ሲሰካ ቲክ፣ ቲክ እያለ ይነሳል ይወድቃል። ሰው ይህን ድምፅ ሰምቶ የዲስኩ ማንበቢያ ጭንቅላት ተሰበረ ይላል። በዴስክቶፕ ከሆነ ከኋላ፣ ከማዘርቦርዱ ጋር በቀጥታ በተያያዘው ሶኬት፣ በራሱ አጭር ገመድ ይሰካ። ጫፉ ታይፕ ሲ የሆነ ደግሞ የስልክ ቻርጀር ገመድ ሲዋስ አንዳንዱ ገመድ ኤሌክትሪክ እንጂ መረጃ አያስተላልፍም፤ መብራቱ ይበራል፣ ዲስኩ አይመጣም።

የግድግዳ አዳፕተር ያለው ትልቁ ዓይነት በአብዛኛው 12 ቮልት ነው። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ አዳፕተሩ ላይ 100-240 የሚል ካለ በእኛ 220 ቮልት ይሠራል፤ የሚያስፈልገው የሶኬት ማገናኛ ብቻ ነው። የጠፋውን አዳፕተር በዋይፋይ ራውተር አዳፕተር መተካት ግን ልማድ ሆኗል፤ ቀዳዳው ይገጥማል፣ ብዙ የራውተር አዳፕተሮች ግን 9 ቮልት ናቸው፣ መብራቱ ቢበራም ሞተሩ ላይነሳ ይችላል። ባለ 19 ቮልት የላፕቶፕ አዳፕተር የሰካበት ሰው ደግሞ ዲስኩን አቃጥሏል። ቮልቱ እኩል፣ አምፒሩ እኩል ወይም የሚበልጥ ይሁን። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር የዚህ ዓይነቱ ዲስክ ሌላም ችግር አለው፤ መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪ ይቀጥላል፣ ዲስኩ ግን በጽሑፍ መሃል ይሞታል። በማግስቱ «ፎርማት ይደረግ» የሚለው ከዚያ ነው የሚመጣው። ወይ ዩፒኤስ ይደረግለት፣ ወይ ከላፕቶፑ ኤሌክትሪክ የሚወስደው ትንሹ ይመረጥ።

የአገራችን ከፍታ ዲስክን ይጎዳል ወይ ብለው ለሚጠይቁም፦ የተለመዱ ሃርድ ዲስኮች የአምራች መግለጫ እስከ 3048 ሜትር ይፈቅዳል። አዲስ አበባም ደብረ ብርሃንም ከዚህ በታች ናቸው።

እስካሁን ያልኩት ዕቃው እውነተኛ ከሆነ ነው። በ1 ቴራባይት ዋጋ 16 ቴራባይት የሚል ተንቀሳቃሽ ኤስኤስዲ ውሸት ነው፤ በውስጡ ትንሽ የሜሞሪ ካርድ ተቀምጦ ቺፑ ትልቅ ቁጥር እንዲናገር ተደርጓል። እንዲህ ያለው ይታያል፣ ፎርማትም ይደረጋል፣ የሚያሳዝነው እውነተኛ መጠኑ ከሞላ በኋላ የሚጻፈው ሁሉ የትም አይደርስም። በዊንዶውስ ኤች2ቴስትደብሊው፣ በሊኑክስና በማክ ኤፍ3 የሚባሉት ነጻ ፕሮግራሞች ዲስኩን ሞልተው መልሰው በማንበብ ያጋልጡታል። አዲስ ተብሎ የተሸጠ ያገለገለ ዲስክም አለ። በክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ላይ «ፓወር ኦን አወርስ» የሚለው በአዲስ ዲስክ ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ መሆን አለበት። ይህ ቁጥር ግን ሊሰረዝ ይችላል፤ በ2025 መጀመሪያ በጀርመን እንደተጋለጠው፣ ለዓመታት የሠሩ የሲጌት ዲስኮች ሰዓታቸው ተሰርዞ በነጋዴዎች እንደ አዲስ ተሸጠዋል። ያጋለጣቸው ፋርም የተባለው፣ ዲስኩ ራሱ የሚይዘው ሌላ መዝገብ ነው፤ ስማርትሲቲኤል በተባለው ነጻ ፕሮግራም አዲስ ዕትም ሊነበብ ይችላል። ሁለቱ ቁጥሮች ካልተስማሙ የሚታመነው ፋርም ነው።

ለሱቅ ባለቤቶች የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። ዲስኩን በሽያጩ ሰዓት፣ በገዢው ፊት፣ በሱቁ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ዲስኩ የሠራበትን ሰዓትና የሴሪያል ቁጥሩን አሳዩት፤ ፍላጎቱ ከሆነም ኢኒሻላይዝና ፎርማት አድርጋችሁ ስጡት። አምስት ደቂቃ ነው። ሴሪያሉ በደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ገዢውም ያንኑ ቁጥር በአምራቹ የዋስትና ገጽ ላይ ያስገባው፤ ለኮምፒውተር ፋብሪካ የተሸጠ ዲስክ ከሆነ አምራቹ ለግለሰብ ዋስትና እንደማይሰጥ እዚያው ይነግረዋል፣ ያኔ ያለው ዋስትና የሱቁ ቃል ብቻ መሆኑን አውቆ ይገዛል።

በትክክል የሞተ ዲስክም አለ፤ አልክድም። በሁለት ኮምፒውተር፣ በሁለት ኬብል፣ በቂ ኤሌክትሪክ እያገኘ ባዮስ ላይ ካልመጣ፣ ወይም ደግሞ ኤክስተርናሉ ከማዘርቦርዱ ጋር በቀጥታ በተያያዘ ሶኬት ላይ እንኳ ተሰክቶ ቲክ ቲክ ማለቱን ከቀጠለ፣ ወይም በክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ላይ 05 እና ሲ5 የሚሉት፣ የተበላሹና የሚያጠራጥሩ ሴክተሮችን የሚቆጥሩት መስመሮች ከመጀመሪያው ቀን ከዜሮ በላይ ቁጥር ካሳዩ፣ ያ ዕቃ ይመለስ። ሻጩም እነዚህ ሦስት ነገሮች ተሞክረው የመጣለትን ደንበኛ «አንተ ነህ ያበላሸኸው» ሳይል ይቀይርለት። አዲስ ስለሆነ የሚተርፍ ፋይል የለበትም፤ መክፈትም፣ መምታትም፣ ሪከቨሪ ቤት መውሰድም አያስፈልገውም።

ከአክብሮት ጋር
የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ